ከአንዲት ጥርስ የሚወጣ ስም፦ ስለ ጠፉ የግሊር ዝርያዎች ሥያሜ የቀረበ ሂስ

ለአስተያየት ከደረሱን ረቂቅ የሙያ ቃላት ዝርዝሮች መካከል አንዱ ስለ ትናንሽ አጥቢ እንስሳት ቅሪተ አካል የተሰናዳ ነው። መጠኑ ትንሽ፣ ርእሱም ከብዙው አንባቢ የራቀ ቢመስልም፣ ውስጡ ገብተን ስናየው የሥያሜ ሥራችንን ከሥሩ የሚነካ ጥያቄ ይዞ ስላገኘነው ሰፋ አድርገን ልንሄሰው ወደድን። ጥያቄው ይኸ ነው፦ ባለሙያው በእጁ የያዘው ከሩዝ ፍሬ የምታንስ አንዲት ጥርስ ብቻ ሲሆን፣ አማርኛው ስለ እንስሳው ምን ያህል የመናገር መብት አለው?

ለነገሩ እንግዳ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ይገባል። ከትንሽ እንስሳ አካል ውስጥ ዘመናትን አልፎ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ጥርስ ነው፤ ጥርስን የሚለብጠው ኢናሜል በአጥቢ እንስሳ ሰውነት ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የጠነከረ ነውና። ደቃቅ አጥንት ይሰባበራል፤ ጥርስ ግን ከደለል ወይም ከዋሻ ዐፈር ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ የምታከማቸውም ጉጉት ናት። ጉጉት የዋጠችውን አይጥ ሥጋውን አስቀርታ አጥንቱንና ፀጉሩን ድብልብል አድርጋ ትተፋዋለች፤ ከማደሪያዋ ሥር የተከማቸውም ትፋት በጊዜ ብዛት ከዐፈሩ ጋር ይጠነክራል። አጥኚው ያን ዐፈር በውሃ እያራሰ በደቃቅ ወንፊት ያጥበዋል፤ የቀረውንም አድርቆ በማጉያ መነጽር ሥር ምስር እንደምትለቅም ሴት አንድ በአንድ ይለቅመዋል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ሥራ የጥርሷን ገጽ ማንበብ ነው። በእንግሊዝኛ ዶርማውስ፣ በሳይንሱ ቋንቋ ግሊሪዴ በሚባለው አስተኔ ውስጥ ያሉት እንስሳት የመንጋጋ ጥርሳቸው ዝቅ ያለ ሲሆን፣ በማኘኪያ ገጹ ላይ ከጉንጭ ወደ ምላስ አግድም የተዘረጉ ሸንተረሮች ይታያሉ። የሸንተረሮቹ ቁጥር፣ በመካከላቸው የሚገቡት አጫጭሮች መኖርና አለመኖር፣ ጫፎቻቸው በምላስ በኩል መገናኘትና አለመገናኘት፣ ይኸ ሁሉ ወገንን ከወገን፣ ዝርያን ከዝርያ ይለያል። ሆላንዳዊው ሬመርት ዳምስ እ.ኤ.አ. በ1981 የአራት ወገኖችን የጥርስ ቅርጽ መርምሮ አሳትሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ከሃንስ ደ ብሩይን ጋር በመሆን በሕይወት ያሉትንም የጠፉትንም በጥርሳቸው ቅርጽ መድቧቸዋል። የዚህ ጥናት ዘርፍ ቋንቋ እንግዲህ የጥርስ ቋንቋ ነው። ረቂቁን የምንመዝነውም በዚሁ ሚዛን ነው።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ከመጀመሪያው ቃል ይነሣል። ረቂቁ ዶርማውስን «እንቅልፋም አይጥ» ብሎታል። አዘጋጆቹን ወደዚህ የመራቸው ምን እንደሆነ አይጠፋንም። የአውሮፓው ግሊር ክረምቱን ተጠቅልሎ የሚያሳልፍ በመሆኑ ጀርመኖች «ሰባት ወር ተኚ» የሚል ዐይነት ስም ሰጥተውታል፤ የእንግሊዝኛውንም ቃል ብዙ ሰው ከመተኛት ጋር ያያይዘዋል። የሳይንሱ ስም አውጪዎችም ቢሆኑ ከዚህ አላመለጡም። ዶሮቲያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1918 ከባሌሪክ ደሴቶች የተገኘውን የጠፋ ወገን «ሂፕኖሚስ» ስትለው፣ በግሪክኛ የእንቅልፍ አይጥ ማለቷ ነበር።

ታዲያ ቤት ካለች እኛስ ብንል ምን አለበት? የሚል ይኖራል። አለበት። የሳይንሱ ስም ምልክት ነው፤ በቀዳሚነት ሕግ ታስሮ የሚኖር፣ ትርጓሜው ሐሰት ቢሆን እንኳ የማይነሣ ማኅተም ነው። ሂፕኖሚስ የሚለውን የሚያነብ ሰው ከመቶ አንዱ እንኳ ግሪክኛውን አይፈታውም። «እንቅልፋም አይጥ» ግን በማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ወዲያው ይፈታል፤ ተፈትቶም ሁለት ነገር ያረጋግጣል፦ እንስሳው አይጥ መሆኑንና እንቅልፍ የሚያበዛ መሆኑን። ሁለቱም ከጥርስ አይታዩም። በማልታና በሲሲሊ የኖረውን ግዙፉን ግሊር እንውሰድ። አንድሩ ሊዝ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1863 ሰየመው፤ ሪቻርድ ላይዴከር እ.ኤ.አ. በ1896 በአዳምስ መታሰቢያነት «ሌይቲያ» የሚል የወገን ስም ሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከስብርባሪ ቅሪቶች በኮምፒዩተር ተገጣጥሞ የታየው የራስ ቅሉ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ይኸን የሚያህል እንስሳ፣ ያውም በሞቃት ደሴት፣ ይተኛ ወይም አይተኛ የሚመሰክር ጥርስ የለም። የአፍሪቃው ግሊር፣ ግራፊዩረስ፣ በአገራችንም የሚገኘው፣ በቅዝቃዜ ጊዜ ሰውነቱን አብርዶ የሚደነዝዝ ቢሆንም፣ የአውሮፓው ያህል ሰባት ወር የሚጋደም አይደለም። ስሙ ለአውሮፓው ልክ ቢሆን እንኳ ለእኛው ጥብቆ ነው።

አይጥነቱም ቢሆን አይጸናም። የዘር ጥናት ግሊሮችን ይበልጥ የሚያስጠጋው ከአይጥ ይልቅ ዛፍ ላይ ከሚሮጠው፣ የትምህርት ቤት መጻሕፍት ሽኮኮ ከሚሉት እንስሳ ነው። (ሽኮኮ ማለትስ ምን ማለት ነው? የደገኛው ሽኮኮ ገደል ላይ ፀሐይ የሚሞቀው ነው፤ እሱም በዝምድናው ከአይጥ ይልቅ ለዝሆን ይቀርባል። ይኸን ጣጣ ለሌላ ጊዜ እናቆየው።) ረቂቁ በአንድ ቦታ በአማራጭነት ያስገባው «አይጠ መጎጥ»ም ከአንዱ ተናጋሪ ወደ ሌላው ፍቹ የሚዋዥቅ ስለሆነ፣ ለሙያ ቃልነት አይበቃም።

ረቂቁን ይዘን በምናውጠነጥንበት ሰሞን ለሌላ ሥራ ወደ ሰሜን ወሎ ወርደን ነበር። በሐብሩ ወረዳ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመርሳ በፊት በምትገኘው በውርጌሳ የእህልና የቤት ዕቃ ስሞችን እንሰበስባለን። ስለ ጎታና ስለ ጎተራ ጠይቀን ስናበቃ ወሬው እህል ወደሚፈጁት ዞረ። አንድ አዛውንት ከቤት አይጥና ከፍልፈል ሌላ «ጭራዋ ጎፈር ያላት፣ ከዛፍ የማትወርድ አይጥ» እንዳለች ነገሩን። ስሟን ብንጠይቃቸው፣ «ኧረ የዛፍ አይጥ ናት እንጂ ምን ስም አላት» አሉን። ግራፊዩረስ የሚለው ስም በግሪክኛ ጭራው እንደ መጻፊያ ብሩሽ የሆነ ማለት ነውና ልባችን ትንሽ ዘለለ። ነገር ግን በቃል የተገለጸን እንስሳ «ያ ነው» ብሎ መፈረም የቋንቋ ሰው ሥራ አይደለም። በካርዳችን ላይ የጻፍነው የተናጋሪውን ቃል እንጂ የእንስሳውን ማንነት አልነበረም።

ይልቅ የረባን ያላሰብነው ነው። እዚያው ሰፈር፣ የመብራት ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ የቀረ የድንጋይ ወፍጮ አይተን የክፍሎቹን ስም ስንጠይቅ፣ የቤቱ ባለቤት አሮጊት የታችኛውን «ወፍጮ»፣ በእጅ የሚገፋውን የላይኛውን «መጅ» ብለው ነገሩን። ይኸ በየትም የሚታወቅ ነው። «ሲፈጭ ኖሮ ሲለሰልስስ፣ እማማ?» አልናቸው። «ይወቀራላ! ካልተወቀረ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ አይፈጨውም» አሉ፤ ቀጥለውም አገጫቸውን በእጃቸው ያዝ አድርገው፣ «ይኸኛውን ግን የሚወቅርልን የለም፣ ልጄ» ብለው ሳቁ።

በረቂቁ ውስጥ የጎደለው ይኸ ነበር። አዘጋጆቹ የጥርስን በማኘክ ብዛት መለስለስ «የጥርስ መበስበስ» ብለውታል። መበስበስ በሽታ ነው። የግሊር ጥርስ ግን ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከመጁ ጋር ሲፋጭ ኖሮ ያልቃል፤ ሸንተረሮቹ መጀመሪያ ስለታቸውን ያጣሉ፣ ቀጥለው ይሰፋሉ፣ በመጨረሻ ከሸለቋቸው ጋር እኩል ይሆናሉ። ይኸ የቃላት ጥራት ብቻ ሆኖ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። የወጣቷና የአሮጊቷ ጥርስ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለት ዝርያ ይመስላሉ፤ ልምድ የሌለው አጥኚ ለአንዲት እንስሳ ሁለት ስም ሊያወጣላት ይችላል። «የበሰበሰ» የሚለውን ያነበበ ተማሪ ግን ይኸን አደጋ ከቶ አያየውም፤ የታመመ ጥርስ መስሎት ያልፈዋል። እኛ «በመፋጨት ያለቀ ጥርስ» እንላለን፤ ያልተነካውን ደግሞ «እንደ ተወቀረ ያለ ጥርስ» ብንለው ለውርጌሳዋ እናት ትርጓሜ አያስፈልጋቸውም።

ስለ ጥርሱ ገጽ መልክዓ ምድርም እንዲሁ። ረቂቁ ለሾጣጣውም ለረጅሙም ከፍታ አንዱን ቃል፣ «ጉብታ»ን፣ ሰጥቷል። የአይጥ ጥርስ በአብዛኛው በጉብታ፣ የግሊር ጥርስ በሸንተረር የሚታወቅ ስለሆነ፣ ሁለቱን መጨፍለቅ ሁለቱን እንስሳት መጨፍለቅ ነው። የሳይንሱ ቃል «ሎፍ» ከግሪክኛው የተራራ ጀርባ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ አማርኛውም «ጋራ ሸንተረር» እያለ ሁለቱን ከጥንት ለይቶ ሲጠራ የኖረ ነው። ስለዚህ ጉብታ ለሾጣጣው፣ ሸንተረር ለረጅሙ፣ ሸለቆ ለመካከሉ ይሁን። የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ ሸንተረር ግሪክኛው በቃሉ መጨረሻ ላይ በምትጨመር ቅጥያ ይለያቸዋል። ረቂቁ ይኸን ልዩነት ዘልሎታል። «የላይ ሸንተረር»፣ «የታች ሸንተረር» ማለት ይበቃ ነበር።

ደግሞ «መንጋጋ» የሚለው ቃል ራሱ በአማርኛ አጥንቱንም ጥርሱንም ይጠራል። በቤት ንግግር ይኸ ችግር የለውም፤ እዚህ ግን ዋናው ማስረጃ የተንጠለጠለበት ነው። ግሊር በእያንዳንዱ የመንጋጋ ወገን አራት ማኘኪያ ጥርስ አለው፣ አንድ ቅድመ መንጋጋና ሦስት መንጋጋ፤ አይጥ ሦስት ብቻ። ከፊት ጥርሶቹ ጋር ሲደመር የግሊር 20፣ የአይጥ 16 ይሆናል። አጥንቱ ከነጥርሱ ከተገኘ መቁጠር ብቻ ይበቃል፤ ነጠላ ጥርስ ሲገኝ ግን የሚቆጠር ስለሌለ ሸንተረር ወደ ማንበብ ይገባል። «አንድ መንጋጋ ተገኘ» የሚል አረፍተ ነገር ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ካልነገረን ስለ ማስረጃው ምንም አልነገረንም። «የመንጋጋ አጥንት» እና «የመንጋጋ ጥርስ» ተለይተው ይግቡ።

እስካሁን ያነሣናቸው በእርማት የሚድኑ ናቸው። የሚከብደው ቀጥሎ ያለው ነው።

ከውርጌሳ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቁልቁል ወደ አዋሽ ቢወርዱ ሐዳር ይገኛል፤ ዛሬ በአፋር ክልል ያለ፣ በቁፋሮው መጀመሪያ ዘመን ግን በወሎ ሥር የነበረ ቦታ ነው። ዓለም የሚያውቀው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በተገኘችው በድንቅነሽ ነው። እሷን ካቆየው የደለል ክምችት ውስጥ የትናንሽ እንስሳት ጥርሶችም ወጥተዋል፤ ፈረንሳዊው ሞሪስ ሳባቲየ መርምሯቸው እ.ኤ.አ. በ1978 አንዱን የጠፋ ዝርያ «ታኪዮሪክቴስ ፕሊዮሴኒከስ» ብሎ ሰየመ፤ የሐዳርን አይጠ ነክ እንስሳት ጠቅላላ ጥናቱንም እ.ኤ.አ. በ1982 አሳተመ። ከእነዚሁ መካከል ጎሉንዳ የሚባል ወገን አለ፤ ዛሬ በሕይወት ያለው ዘመዱ ከአፍሪቃ ምድር ጠፍቶ በደቡብ እስያ ብቻ የሚኖር ነው። ታኪዮሪክቴስ ግን ዛሬም ከእኛው ጋር አለ፤ ገበሬው ጠንቅቆ የሚያውቀው ፍልፈል ነው። የሳይንሱ ስም ፈጣን ቆፋሪ ማለት ነው፤ የውርጌሳ ገበሬ ቢሰማው የሚቃወመው አይመስለንም።

እንግዲህ ለግሊር ስም ያጣው አማርኛ ለፍልፈል ሙሉ ስም አለው፤ የጠፋው ዘመዱም ከገዛ ምድራችን በጥርሱ ተለይቶ ወጥቷል። ረቂቁ ግን ይኸን ዝርያ «የጥንት አይጥ» በሚል ርእስ ሥር ከግሊሮቹና ከጎሉንዳው ጋር አንድ ላይ አስገብቶታል። ይኸ ቃል በአንድ ሙዚየም ካርድ ላይ ቢጻፍ ምን እንደሚያደርግ እናስብ። የውርጌሳ ልጅ ካርዱን አንብቦ አባቱ ማሳ ላይ በየዓመቱ የሚያየውን እንስሳ ዘመድ ፊት ለፊት ቆሞ ሳያውቀው ይሄዳል። «የጠፋ የፍልፈል ዝርያ» ቢባል ግን ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ልጁም ከመንገዱ ይቆማል።

ከሁሉ የባሰው የጥርጣሬ ምልክቶች ጉዳይ ነው። በዚህ የጥናት ዘርፍ ከስም በፊት የሚገቡ አጫጭር የላቲን ቃላት አሉ። «ኮንፌር» ሲባል ጥርሱ የዚያ ዝርያ ሳይሆን አይቀርም፣ ማስረጃው ግን አልሞላም ማለት ነው። «አፊኒስ» ሲባል ለዚያ ዝርያ ይቀርባል፣ ግን ሌላ ሳይሆን አይቀርም ማለት ነው። ሁለቱ በተቃራኒ አቅጣጫ ያዘነብላሉ። ረቂቁ ሁለተኛውን ትቶ፣ ለመጀመሪያው «መሳይ» የሚል ቃል ሰጥቷል። በአማርኛ «ሰው መሳይ» ስንል ሰው ሳይሆን አይቀርም ማለታችን ነውን? አይደለም፤ መልኩ ሰው፣ ነገሩ ሌላ ማለታችን ነው። ስለዚህ ረቂቁ የአጥኚውን «ሳይሆን አይቀርም» ወደ «አይደለም» ገልብጦታል። ያለቀች አንዲት ጥርስ ይዞ በጥንቃቄ «ምናልባት» ያለውን ሰው፣ አማርኛው ክዷል አሰኝቶታል።

ስሕተቱ የመጣው ከቸልተኝነት ብቻ አይመስለንም። አማርኛ ጥርጣሬውን የሚያኖረው በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ፣ በግሡ ላይ ነው፦ ይሆናል፣ ሳይሆን አይቀርም፣ ይመስላል። ላቲኑ ግን ከስሙ ፊት ያስቀምጠዋል። የቃላት ዝርዝር ደግሞ ስም ለስም እያጋጠመ የሚሄድ ስለሆነ፣ ግሡ ከበር ይቀራል፤ ጥርጣሬውም አብሮት ይቀራል። ስለዚህ «መሳይ» ለአፊኒስ ይዘዋወር፤ በትክክል ይገጥመዋል። ለኮንፌር ግን አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም፤ ቃሉ በላቲን የትእዛዝ አንቀጽ ነው፣ ፍቹም «አነጻጽር» ነው። «አነጻጽር፦ ታኪዮሪክቴስ ፕሊዮሴኒከስ» ተብሎ ቢጻፍ አንባቢው ገና ያላለቀ ሥራ እንዳለ ይረዳል። ወገኑ ታውቆ ዝርያው ላልታወቀ «ዝርያው ያልተለየ» ይበቃል።

«መለየት» የሚለውን ግስም በዚሁ አጋጣሚ እንንካው። እረኛ «በጌን ለየኋት» ሲል አወቅኋትም፣ ከሌሎቹ ነጠልኋትም ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ በጓ ፊቱ ስላለች ማንም አይሳሳትም። በጥርስ ጥናት ግን አንድን ጥርስ ከሌላው መነጠል አንድ እርምጃ ነው፤ የታወቀ ዝርያ መሆኑን ማረጋገጥ ሌላ ነው። ረቂቁ በሰባት ቦታ «መለየት» ይላል፤ በአራቱ የትኛውን እንደሆነ ልናውቅ አልቻልንም። ለሁለተኛው «ማንነቱን ማረጋገጥ» ቢባል ይረዝማል፤ ይርዘም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቃል እንመለስ። ለግሊር ምን እንበለው? የአዛውንቱ «የዛፍ አይጥ» እና የግሪክኛው የጭራ ምሳሌ ያማልላሉ፤ «ጎፈር ጭራ» የሚል ስም ለማውጣት ብዕራችን ተነሥቶም ነበር። ነገር ግን እንቅልፍን የነቀፍንበት ምክንያት ጭራንም ይነቅፈዋል፤ ጭራም ከጥርስ አይታይም። ስለዚህ ባዕድ ቃልን በየስብሰባው ስንሟገት የኖርን ሰዎች፣ ለዚህ አስተኔ «ግሊር» የሚለውን የተውሶ ቃል እንዲቀበሉ አዘጋጆቹን እንጠይቃለን። ድምፁ በአማርኛ አፍ የሚገባ ነው፤ እንደ ማንኛውም ስም ግሊሮች፣ ግሊሩ ይላል፤ ከሁሉ በላይ ስለማያውቀው ነገር ምንም አይናገርም። ማልታዊው ይተኛ፣ የሐብሩዋ ዛፍ ላይ ትደር፣ «ግሊር» ሁሉንም ሳያዳላ ይይዛል። በሕይወት ላሉት አገር በቀል ስም ካላቸው፣ ስማቸው ከሚኖሩበት ቦታ ተሰብስቦ፣ የተናጋሪው ቃልና ቦታው ተመዝግቦ፣ እንስሳውም በባለሙያ ታይቶ ከጎኑ ይጻፍ።

ረቂቁ 64 ቃላት አሉት። 41ዱን ያለ ለውጥ ተቀብለናል፤ «ቅሪተ አካል»፣ «አስተኔ»፣ «ወገን» እና «ዝርያ» ወጥ ሆነው መግባታቸውን በተለይ እናመሰግናለን። የቀሩት 23 ከእነዚህ አስተያየቶች ጋር ለአዘጋጆቹ ተመልሰዋል፤ ሲመለሱም እያንዳንዱ ቃል ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ግሡ ያልተቆረጠ፣ እንዲከተለው ጠይቀናል። «ወቀረ» በሚለው መግቢያ ሥር የውርጌሳዋ እናት የተናገሩት ቃል ከነቦታው በካርዳችን ገብቷል፤ ቦታው «ውርጌሳ፣ ሐብሩ»፣ ፍቹም «ወፍጮን በመዶሻ እየመታ ማሻከር፤ ስለ ጥርስ ሲነገር፣ የማይደረግ ነገር» ይላል።